ኮዱን የሚያድሰው ሰው

ሆስፒታሎች ለታካሚ የሚሰጡትን የመድኃኒት መጠን የሚያሰላው ሶፍትዌር ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የሚያድሰው ግን ናሁሠናይ የሚባል አንድ ሰው ብቻ ነው። ደኅንነቱን የምትፈትሸው ባለሙያ ቅጹን ልትጨርስ ስትል አንዲት ጥያቄ ላይ ቆመች፦ «ኮዱን የሚያድሰው ሰው ሥራው ላይ አለ?»

«ምን ያቆይሻል?» አሉ አለቃዋ አቶ ድበኩሉ። «ሶፍትዌሩ እኮ ትናንት አሥራ ሁለት ሆስፒታል ላይ ተጭኗል። የቀረው ቅጹን ፋይል ውስጥ ማስገባት ነው።»

«ፍተሻው ሳያልቅ ለምን ተጫነ?»

«ከላይ ታዘን ነዋ። ደግሞ ሰውየው ጎበዝ ነው ያልሽኝ አንቺው ነሽ።»

«ያኔ ብዬ ነበር።»

አቶ ድበኩሉ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«ይኸው፣ የጫንነውን ማሻሻያ በራሱ ስም የለቀቀው ከትናንት ወዲያ ነው። ለሚጠይቁትም ሁሉ ቶሎ ቶሎ ይመልሳል። ሥራው ላይ አለ ለማለት ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።

«ጋሼ፣ ናሁሠናይ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ ነው የተማረው» አለች። «ባለፈው እሑድ አርባውን አወጣን።»