የብስኩት ካርቶን

በእርዳታ የመጡትን ታብሌቶች ርዕሰ መምህሩ «ልጅ ምን ያውቃል፤ ይሰብራቸዋል» ብለው ስቶር አስገብተው ቆለፉባቸው።

የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ቢቸግራት የብስኩት ካርቶን በታብሌት ልክ እየቆረጠች ለተማሪዎቿ አደለች። እነሱም የሳሉበትን ስዕል በጣት እየነካኩ በእንግሊዝኛ ይጠያየቁ ጀመር። መልስ የጠፋበት ተማሪ «ቻርጅ ጨርሷል» ይልና ካርቶኑን ፀሐይ ላይ ያሰጣል።

አንድ ቀን የወረዳው ሱፐርቫይዘር መጡ። አንዲት ተማሪ ካርቶኗን እየነካካች በእንግሊዝኛ በጥያቄ ስታጣድፋቸው ላብ አጠመቃቸው።

«ጉድ እኮ ነው!» አሉ ለርዕሰ መምህሩ። «እንዲህ ያለ መሣሪያ በዞኑም የለ!»

በማግስቱ ካርቶኖቹ ከክፍሉ ጠፉ። አስተማሪዋ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በረረች።

«አይዞሽ፣ ስቶር ቆልፌባቸዋለሁ» አሏት። «እንዲህ ያለ ውድ ዕቃ ለልጅ ይሰጣል እንዴ? ቦታ ስለጠበበኝ ግን ታብሌቶቹን አውጥቻለሁ፤ በነሱ እንደፈለጉ ይጫወቱባቸው።»