እናቷ «እርስዎ» ያለቻት ተመራቂ

«ዶክተር፣ እርስዎ ይቀመጡ እንጂ... እኔ ብቆምም ግድ የለም!»

እናት ናት እንዲህ ያለችው... ለገዛ ልጇ።

ልጅቷ ጥቁር ጋውኗን ሰብስባ እናቷን መልሳ አስቀመጠቻት።

«እማዬ፣ ይሄ ያንቺ ወንበር ነው። የኔ አጠገብሽ አለ።»

«ይባረኩ!» አለች እናት። ከዚያ በሌላ በኩል ወደተቀመጠው ወንድ ልጇ ዞራ ሹክ አለችው። «አንተ፣ ሰማሃቸው? እንደ ልጅ 'እማዬ' ይሉኛል እኮ!»

ወንድምየው አቀረቀረ። ጥፋቱ የእሱ ቀልድ ነዋ...

እህቱ የሦስተኛ ዲግሪዋን የጀመረች ሰሞን፣ ቤት በገባች ቁጥር «ዶክተር መጣች!» እያለ ያሾፍባት ነበር።

ታዲያ እናታቸውን የመርሳት በሽታ ሲይዛት... የልጅቷ ስም ከአእምሮዋ ጠፋ፣ «ዶክተር» የሚለው ቀልድ ብቻ ቀረ።

እሱን ታውቀዋለች። «አንተ» ትለዋለች። ልጅቷ ግን ለእናቷ የሐኪም ቤቷ ዶክተር ሆና ቀረች።

ቤት ስትገባ እናት ከሶፋው ብድግ ትልላታለች። ጉልበቷን ገልጣ «እዚህ ጋ ነው የሚወጋኝ» ትላታለች።

የሻጋታ ተመራማሪ ስለ ጉልበት ምን ታውቃለች? ግን ታሽላታለች... እናቷን የምትነካበት ሌላ ሰበብ የላትማ።

ወገን፣ ይሄን አስቡት እስቲ... ልጅ እናቷን «አንቺ» ትላለች፣ እናት ልጇን «እርስዎ»።

ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ!

ዕለቱ ዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ተመራቂዎቹንና ምርምራቸውን የሚያከብርበት ቀን ነበር። ትናንት «አንቺ ልጅ፣ ማይክሮስኮፑን ልቀቂልን» ይሏት የነበሩ ሁሉ፣ ዛሬ «እንኳን ደስ ያለዎት ዶክተር» እያሉ ይጨብጧታል።

እሷ ግን አንድ «አንቺ» ብቻ ነበር የናፈቃት። ከእናቷ አፍ... በቁጣም ቢሆን።

ድሮማ ቁጣው መች ጠፍቶ!

«እኔ ዕድሜ ልኬን ሻጋታ ስፈገፍግ፣ አንቺ ሻጋታ ልታሳድጊ ዩኒቨርሲቲ ገባሽ? የሰው ልጅ በሽተኛ ያክማል... አንቺ ዳቦ ታበላሻለሽ!»

ያኔ ያንገበግባት ነበር። አሁን ያ ስድብ እንኳ ናፈቃት።

ጠዋት ወንድሟ «ሰው ይበዛል፣ ትረበሻለች... ትቅር» ብሏት ነበር።

«ትምጣ» አለችው። «መድረክ ላይ ስታየኝ... ምናልባት ታውቀኝ ይሆናል።»

ተስፋ አይቆረጥም አይደል?

ተራዋ ደረሰ። ዲኑ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለ።

«የዓመቱ ምርጥ ምርምር... እህል የሚያበላሹ ሻጋታዎችን መከላከያ ዘዴ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሜዳልያው አንገቷ ላይ ሲገባ ልጅቷ የምታየው እናቷን ብቻ ነበር።

እናቷም ታጨበጭባለች... ለማያውቁት ሰው እንደሚጨበጨበው፣ በትህትና።

አላወቀቻትም።

ልጅቷ እንደምንም ፈገግ ብላ ፎቶ ተነሳች፣ ወረደች፣ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች።

ይሄኔ እናት ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ዶክተር... ሰውየው ቅድም ሻጋታ ነው ያሉት?»

«አዎ እማዬ።»

«ውይ! የኔም ልጅ እኮ ሻጋታ ነው የምታጠናው!»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች።

«ልጅ... ሴት ልጅ አለችሽ?»

«አለችኝ እንጂ! ጎበዝ ናት... ለሷ ግን ብያት አላውቅም። ልጅ ፊት ለፊት ሲሞገስ ይበላሻል ይባል የለ? ለጎረቤት ነው የማወራው። 'የኔ ልጅ ሻጋታን እንኳ ሥርዓት ታስይዘዋለች' ስላቸው ይስቁብኛል።»

እናት ራሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«አንድ ቀን ክብ ክብ የብርጭቆ ሳህኖቿን ቤት ይዛ መጣች። ባየው ሻጋታ ወርሶታል! ደግ የሠራሁ መስሎኝ በፈላ ውኃና በሳሙና ፈግፍጌ፣ እጥብ አድርጌ ደረደርኩላት...»

ወንድምየው ፊቱን አዞረ።

«ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ የለፋችበት ኖሯል። አልተቆጣችኝም እኮ... ዝም ብላ ከዜሮ ጀመረች። እኔም እናት ነኝና ይቅርታ ማለት ከበደኝ። ዛሬ ነገ ስል... ይኸው ከቤት ጠፋችብኝ። እርስዎ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነዎት አይደል? ካገኟት መልእክት ያድርሱልኝ።»

«ምን... ምን ልበላት?»

እናት የልጅቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ዓይን ዓይኗን እያየቻት...

«'አንቺ ሞኝ፣ ኮርቼብሻለሁ። ስላጠብኩብሽ ይቅር በይኝ። በቃ አሁን ቤት ነይ፣ ናፍቀሽኛል' ብላለች እናትሽ ይበሉልኝ።»

አንቺ!

በመልእክት ተጠቅልላም ቢሆን... ያቺ ቃል መጣች።

«ደርሷታል እማዬ...» አለች ልጅቷ፣ እንባዋ በጋውኗ ላይ እየወረደ። «ደርሷታል።»

እናት ግን እንባውን አይታ ደነገጠች። መሐረቧን አውጥታ አቀበለቻት።

«ምነው ዶክተር? አይዞዎት... እርስዎም ቶሎ ወደ እናትዎ ይሂዱ። እናት እኮ በር በሩን ስታይ ነው የምትውለው።»

...

ወዳጆቼ፣ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይባላል። ለጎረቤት የምናወራውን ኩራት ለባለቤቱ እንንገረው። ይቅርታም ቢሆን ቀጠሮ አይሰጠው... ሰሚው በአጠገባችን እያለ፣ እኛም ስሙን ሳንረሳ።

እናንተስ... ለሰው ሁሉ እያሞገሳችሁ ለራሱ ግን አንድም ቀን ያልነገራችሁት ማን ነው? እዚህ ታች ስሙን ጥሩና የምትሉትን በሉት... ዛሬውኑ ይስማ።