እንቅልፏን የሰጠች አብራሪ

በባሕር ኃይሉ ደንብ ከመርከብ ላይ ተነሥቶ የሚበር አብራሪ እንቅልፉን በሕክምና ያስወግዳል፤ ከዚያ ወዲያ አይተኛም። ኮማንደር ትርሲት ይህን ፈቅዳ የፈረመችው በሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከሄሊኮፕተር ረዳት አብራሪነት ተነሥታ በአሥራ አንድ ዓመት የበረራ ክፍሉ፣ የስኳድሮኑ፣ ምክትል አዛዥ ሆነች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን አልተኛችም።

እናቷ ሲሞቱ ባሕር ላይ ስለነበረች ለቀብሩ አልደረሰችም። ቢሾፍቱ ወዳለው ቤታቸው የመጣችው ለአርባቸው ነው። የእናቷን ልብስ ስታጣጥፍ አደረች። ጠዋት ታናሽ እህቷ ውዴነሽ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ ከመኝታ ቤት ወጣች።

«እማዬን በህልሜ አየኋት! ሻሿን አስራ፣ ደህና ሆና። ‹ትርሲትስ የት ናት?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ባሕር ላይ ናት አልኳት።»

በዚያው ሳምንት ስኳድሮኑን በአዛዥነት እንድትረከብ ተጠራች። ከካዴትነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው ቦታ ነበር። እሷ ግን አለቃዋ ፊት ቆማ፣ «እንቅልፌ ይመለስልኝ፣ ጌታዬ» አለች።

«ከዚያ በኋላ መብረር እንደማትችይ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ሕክምናው ሲያበቃ ቤት ገብታ በእናቷ አልጋ ላይ ተኛች፤ ቀኑን ሙሉም አልነቃችም። ዓይኗን ስትገልጥ ውዴነሽ አጠገቧ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር።

«አየሻት?» አለቻት በጉጉት።

የትርሲት ፊት በእንባ ርሷል።

«አላየኋትም» አለች። «ስበር ነው የዋልኩት። ከታች ባሕሩ ብቻ ነበር።»