የሎኔታ ቃታ

ዴልፊና ዓይኗን ጨፍና ቃታውን ሳበች። ጠመንጃው ባዶ ነው፤ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። አቀባብላ እንደገና ሳበች። በሰሜን ጣሊያን በተወለደችበት ሸለቆ ቃታ የሚፈተነው እንዲህ ነው፤ ዓይን ተጨፍኖ፣ አስር ጊዜ። ዓይን ለሠራተኛው ያደላል ይላሉ፣ ጣት አያውቀውም። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ እጇን አቆመች።

«እህ፣ ዛሬስ ምን ጉድ አወጣሽለት?» አለች ሎኔታ ከጠረጴዛው ማዶ። ቃታውን ሞርዳ ያመጣችው እሷ ናት። «ባለፈው ሰኞ ሻካራ ነው አልሽ። ማክሰኞ ይጎትታል አልሽ። ዓርብ ደግሞ ያዝናል ብለሽኛል።»

«ያዝናል አላልኩም።»

«ብለሻል። ግራዲ ሳይቀር ስቋል።»

ግራዲ የፋብሪካው ኃላፊ ነው፤ ሰሞኑን ግን ሳቅ ርቆታል። የአሜሪካ ሕግ ይህን ዓይነቱን ጠመንጃ ተሠርቶ ያለቀውን ከውጭ አታስገቡ ይላል። እዚሁ ከገጣጠማችሁትና ከሚቆጠሩት ክፍሎች ከውጭ የመጡት ከአስር ካልበለጡ ግን ይሁን ይላል። ያው ጠመንጃ፣ ያው ጥይት። ሕጉን ያወጣው ሰው ምን እንዳሰበ እሱ ይወቀው። ዴልፊና የምትሠራበት የጣሊያን ኩባንያ ቴነሲ ድረስ መጥቶ በበቆሎ እርሻ መሐል ፋብሪካ የከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። አስሩ ክፍሎች ከሸለቆው ይመጣሉ። አስራ አንደኛው ቃታው ነው፤ እሱ የግድ እዚህ መሠራት አለበት። በቅቷል ብላ የምትፈርመው ደግሞ ዴልፊና ናት። አራት ወር ሙሉ አልፈረመችም፤ ስድስት መቶ ጠመንጃ ቃታ አጥቶ መደርደሪያ ላይ ተኝቷል።

ቴነሲ ቃታ መሥራት ከቻለ የሸለቆው የቃታ ክፍል እንደሚዘጋ ከአገሯ ሳትነሳ ነው የሰማችው። እዚያ ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ወንድሟ ፋውስቲኖ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ከቃታ ሌላ ሥራ አያውቅም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ስትከለክል እውነቷን ነበር፤ የሚያመጡላት ሁሉ የማይረባ ነው። ያለፈው ወር ግን ሌላ ነው። እሱን ለራሷም አልተናገረችውም።

እስካልፈረመች ድረስ ደግሞ እሷም አገሯ አትገባም። ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ጠዋት በአውራ ጎዳናው ዳር ባለው ማረፊያ ክፍሏ ውስጥ አፏን የምትከፍተው ለመብላት ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ማውራት ጀምራለች።

«ይሄን ስትሠሪ ስንት ቀን ፈጀብሽ?» አለች።

«ቅዳሜና እሁድን ወጥ ቤቴ ውስጥ ከእሱ ጋር ነበርኩ። ባሌ አገባሽው ወይ አለኝ።» ሎኔታ ሳቀችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ የማላውቅ እንዳይመስልሽ።»

«ምኑን?»

«ይሄ ሕንፃ ድሮ ሱሪ ይሰፋበት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ኪስ ሰፍቼበታለሁ። ሊዘጉት ሲሉ ሥራችንን የሚወስዱትን ሴቶች ከሜክሲኮ አምጥተው አጠገባችን አስቀመጧቸው። እያያችሁ ተማሩ አሏቸው።»

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ አስተማርኳቸው። ጎኔ የነበረችው አበላሽታ አሳየቻቸው። እኔ አበላሽቶ መስፋቱን አልቻልኩበትም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ከፈለግሽ ሻካራ ነው በይ። ሌላ እሞርዳለሁ።»

ዴልፊና ዓይኗን ጨፍና የቀሩትን ሦስቱን ሳበች። ሻካራ ነው የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ ጣቷ ግን አልተባበራትም። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ፈረመች።

ሎኔታ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ እጇን ዴልፊና ትከሻ ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ ወረቀቱን ይዛ ወደ ግራዲ ሄደች።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የዴልፊና ስልክ ጮኸ። በአገሯ አስራ አንድ ሰዓት ነው፤ ፋውስቲኖ ሥራ ጨርሶ ሊወጣ ሲል ሁልጊዜ ይደውላል። ስልኩን ይዛ ዕቃ መጫኛው በር ላይ ወጥታ ቆመች።

«ዛሬስ?» አለ።

«ፈረምኩ።»



«ሲሳብ ክብደቱ ስንት ነው?» አለ።

«ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ።»

«መምቻውን ሲለቅስ?»

«ጥርት ያለ ነው። አንተ የሠራኸው ነው የሚመስለው፣ ፋውስቲ።»

«ማን ናት?»

«ሎኔታ ትባላለች። ሱሪ ሰፊ ነበረች።»

«ጎሽ» አለ ፋውስቲኖ፤ ከልቡ ነው፣ ታውቀዋለች። «መቼ ትመጫለሽ ታዲያ?»

«በሁለት ሳምንት።»

«ደግ። እናታችንም ናፍቀሻታል።»

ስልኩን አልዘጋውም፤ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ሰማች። መሳቢያ ተከፈተ። ወንድሟ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ማታ ሲወጣ ሞረዶቹን እንዳሉ ጠረጴዛው ላይ ትቷቸው ነበር የሚሄደው፤ ነገም ሥራ አለ። አሁን አንድ በአንድ መሳቢያው ውስጥ ያስገባቸዋል። ብረቱ እንጨቱን ሲነካ ይሰማታል። ሞረዶቹ ሰባት ናቸው። ዴልፊና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰባተኛውን ትጠብቅ ጀመር።