ሦስት ሚሊ

ቶርኖ ሠሪው የብረት ጎማውን ብረት እያሽከረከረ በሚቆርጠው ማሽኑ ላይ አጥብቆ አሰረ፤ ሊያስነሳው እጁን ከሰነዘረ በኋላ ግን መልሶ ሰበሰበው።

«ቁጥሩን እስቲ እንደገና ንገሪኝ» አላት።

«ሠላሳ ሴንቲ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ባለፈውም ሠላሳ አልሽኝ፣ ሠላሳ አድርጌ ሰጠሁሽ። ከዚያ በፊትም እንደዚሁ። ሁለቱንም አነሱ ብለሽ መጣሽ። ይህንንም ከቆረጥኩት በኋላ አነሰ ብትዪኝ አልቀጥለው ነገር!»

እውነቱን ነው። ይህንን ጎማ ያገኘችው የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎችን ደጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትጠና ከርማ፣ ከተሰባበረ ወፍጮ ሥር አስወጥታ ነው። ለአባቷ ባቡር ነው የምትፈልገው። ባቡሩ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከአልጋ ይረዝማል፣ ውሃ አፍልቶ በእንፋሎቱ የሚሄድ፣ ሰው ጀርባው ላይ የሚያስቀምጥ ነው። አባቷ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ለፍቶበታል። አምስቱን ጎማዎች የድሮ ጓደኞቹ እሱ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሳይዘጋ ከቀለጠ ብረት አፍስሰውለት ነበር። የጎደለችው ስድስተኛዋ ብቻ ናት።

ቅዳሜ ደግሞ ወንድሟ ባቡሩን በኪሎ የሚገዛ ሰው ይዞ ይመጣል። «የአባዬ ነገር አብቅቷል፤ ግቢው ውስጥ ብረት ታቅፈን የምንቀመጠው ለማን ብለን ነው?» ብሏታል።

ነገሩ የመጣው በነዚያ ሁለት ጎማዎች ነው። የመጀመሪያዋ ስትገጠም ከሀዲዱ ላይ ሳንቲም በሚያሳልፍ ክፍተት ተንጠልጥላ ቀረች። አባቷ መስመሪያውን ጎማዋ ላይ አጋደመና «ሦስት ሚሊ ታንሳለች» አለ። እሷ የልብስ ሜትሯን ዘረጋች፤ ሠላሳ፣ ልክ። ክፍተቱን ያመጣው የሱ አገጣጠም መሰላት። ሁለተኛዋም እንዲሁ ሆነች። «ሜትርሽ ነው የሚዋሸው» ብሎ ድርቅ አለ። በዚያ ሜትር ነው ልጆቿን የምታሳድገው። ከወንድሟ ጋር ተያዩ። የጎረቤት ስም መርሳቱን በእርጅና አልፈውለት ነበር፤ አርባ ዓመት በቁጥር የኖረ ሰው ዐይኑ ሥር ያለውን ቁጥር ሲስት ግን ሁለቱም ልባቸው ስብር አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀስ ብለው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ ለሕፃን በሚነገርበት ድምፅ ነው የሚያናግሩት። እሱም መከራከር ተወ።

«አባትሽ የሚለኩበትን ይዘሽ ነይ ብዬሽ ነበር» አለ ቶርኖ ሠሪው።

ከቦርሳዋ አወጣችለት። ዳርና ዳሩ በእጅ ብዛት የለሰለሰ፣ ጽሑፉ የጠፋ የብረት መስመሪያ ነው። ሰውዬው እጁን በጨርቅ ጠረገና ከራሱ መስመሪያ ጎን አጋደመው፤ ዜሮን ከዜሮ አገጣጥሞ ጎንበስ አለ። መጀመሪያ ላይ መስመሮቹ አብረው ይሄዳሉ። አሥር ላይ አንድ ሚሊ ተለያዩ። ሃያ ላይ ሁለት። ሠላሳ ላይ ሦስት።

«አባትሽ ሥራቸው ምን ነበር?»

«ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ብረቱ የሚፈስበትን ቅርጽ መጀመሪያ በእንጨት የሚሠራው እሱ ነው።»

«አዪ!» አለ ቶርኖ ሠሪው። ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው። «የቀለጠ ብረት ሲበርድ ይሰበሰባል፣ እህቴ። ከመቶ አንድ ያህል። ስለዚህ እንጨቱን አስበልጠው እንዲቆርጡ መስመሪያቸው ከመጀመሪያው ሰፍቶ ነው የሚሠራው። የሳቸው ሠላሳ ለኛ ሠላሳ ከሦስት ሚሊ ነው። ያለቀ ብረት በዚህ አይለካም፤ ግን አርባ ዓመት ሌላ ያልጨበጠ እጅ ምን ያድርግ?»

«አባዬ ልክ ነበር ማለት ነው?»

«አንቺም ልክ፣ እሳቸውም ልክ። ያለ ጥፋቴ ስወቀስ የከረምኩት እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም። ያን ሁሉ ጊዜ አባቷን ያናገረችበት ድምፅ ትዝ ሲላት ፊቷ በኀፍረት ጋለ። ስልኳን አወጣች።

«አባዬ።»

«አቤት» አለ። ድሮ «ምን ነበር?» ነበር የሚላት። አቤት ማለት የጀመረው በቅርቡ ነው።

ነገረችው። የፋብሪካውን መስመሪያ፣ ሦስቱን ሚሊ፣ ሜትሯን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችውና ቁጣውን ጠበቀች። ቢቆጣት በወደደች። ሲቆጣ ድምፁ እንዴት እንደነበር እንኳ ናፍቋታል። እሱ ግን አልተቆጣም።

«ታዲያ» አለ ፈራ ተባ እያለ፣ «ደህና ነኝ ማለት ነው?»

እነሱ ብቻ የጠረጠሩት መስሏት ነበር። እሱም አምኗቸው ኖሯል።

ቶርኖ ሠሪው ጨዋ ሰው ነው። ልቅሶዋ እንዳይሰማ ብሎ ጀርባውን ሰጣትና ማሽኑን አስነሳው። ቤቱ በጩኸት ተሞላ፤ ለአባቷ የመለሰችለት ቃል ተዋጠ።

«አልሰማሁሽም፣ ልጄ!» ይላል አባቷ። «ምን አልሽ?»

ሌላውን ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና ብድግ አለች።

«ደህና ነህ!» ብላ ጮኸች። ከጎረቤት ሱቅ ያሉት ሰዎች ምን መጣ ብለው ብቅ ብቅ አሉ። እሷ እንባዋ እየወረደ፣ ማንንም ሳታይ፣ ደገመችለት። «ደህና ነህ፣ አባዬ! ደህና ነህ!»