የቱቦው ምስክርነት

አሥራደ የአንጀት ካንሰሩን መድኃኒት የሚወስድበት ቱቦ ደረቱ ላይ ተተክሏል። ጀርም ከገባበት ቱቦው ከማን እጅ እንደመጣ ለይቶ ስም ያወጣል፤ ስሙ የተመዘገበ ሰው ደግሞ በሽተኛው ዘንድ ድርሽ አይልም። ሚስቱ ትርንጎ ይህን ፈርታ ካጎረሰችው ስድስት ወር አለፋት፤ ምግቡን በረጅም ማንኪያ ነው የምትሰጠው።

ማክሰኞ ጠዋት ትኩሳት ያንቀጠቅጠው ጀመር። ቤት ድረስ የመጣችው ነርስ መሣሪያዋን ቱቦው ላይ አስጠግታ የወጣውን ስም ለእሱ ብቻ አሳየችው። የእናቱ ስም ነበር።

"አንተ በአንደበትህ ካላረጋገጥክ አይመዘገብም" አለችው።

እሁድ ዕለት ከእንቅልፉ ሲነቃ የቱቦው ፋሻ ረጥቦ፣ እናቱም የጠበል ጠርሙስ ነጠላቸው ውስጥ ሲሸጉጡ አይቶ ዓይኑን መልሶ ጨፍኖ ነበር።

"መሣሪያው ተሳስቷል። የነካካሁት እኔ ነኝ።"

"የራስህ እጅ ከሆነ መታሰሩ አይቀርም፤ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

ነርሷ የትኩሳቱን መርፌ ወግታው፣ ሁለቱንም እጆቹን ከአልጋው ጋር አስራ ሄደች። ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩት እናቱ ወንበራቸውን አስጠጉና ግንባሩን ዳበሱት።

"አይዞህ ልጄ፣ እኔ አለሁልህ። ጠበሉም ገና ግማሹ አለ" አሉና ጠርሙሱን ከነጠላቸው ውስጥ አወጡ።