የዳሃቦ መልስ

ኢብላ እንደ ወትሮዋ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ሰገደች፤ ከሰል አቀጣጥላም ሻይ ጣደች። ሞቃዲሾ ጸጥ ብላለች። ሌሊቱን የመንግሥት ጦርና አክራሪዎቹ ሞርታር ሲወራወሩ ነበር ያደሩት፤ አንዱ በጣም ቀርቦ ነበር። ደግነቱ ልጇን ሉልን ጣሪያው ጠንካራ ወደሆነው ወደ ጎረቤቷ ወደ ዳሃቦ ቤት ልካታለች።

እንዲህ ባደረ ቁጥር ሁለቱ ሴቶች በመካከላቸው ያለውን ረጅም የግንብ አጥር በድንጋይ እየመቱ ይጠራራሉ። ኢብላ መታች።

«ዳሃቦ! አለሽ?»

«ምነው፣ ልትወርሺኝ ቸኮልሽ? አለሁ!»

«ሉልስ?»

«ተኝታለች። ተያት።»

ኢብላ ሳቀች። ሻዩን በፔርሙስ ሞልታ ልጇን ልታመጣ ወጣች። ደጃፏ ላይ አንድ ወታደር ጠመንጃውን ደገነባት።

«ተመለሺ!»

«እዚሁ ጎረቤት ነኝ። ልጄን ላመጣ ነው።»

«የቱ ጎረቤት? ትቀልጃለሽ ሴትዮ?» አለና በአፈሙዙ አመለከታት። ኢብላ ዞራ አየች።

«አንቺ ኢብላ!» አለች ዳሃቦ ከግንቡ ወዲያ። «ሉል ነቅታ እያለቀሰች ነው፤ አትመጪም?»

ወታደሩም ሰማ። ጠመንጃውን ወደ ድምፁ አዞረ።

ግንቡ እንደቆመ ነው። ከግንቡ ወዲያ ቤቱ የለም።